የዛገው ብረት የማን ነው? የተጣሉ አሮጌ ማሽኖችን የማንሣት ጥያቄ ከጣና ዳር ሲታይ

በአሜሪካ ሜይን ግዛት፣ አላጋሽ በተባለው ሰፊ ደን ውስጥ፣ ሁለት የእንፋሎት ባቡሮች ዛፍ መሀል ቆመዋል። ለወረቀት ፋብሪካ ግንድ ሲያመላልሱ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ1933 ሥራው ሲያበቃ፣ አውጥቶ መውሰዱ ስላላዋጣ እዚያው ተተዉ። እ.ኤ.አ. በ1969 የተጠለሉበት ዳስ ተቃጠለ። ከዚያ ወዲህ በጎ ፈቃደኞች እየተመላለሱ ያዘነበሉትን አቃንተው አቁመዋቸዋል፤ ከደኑ ግን አላወጧቸውም። በዚያው ግዛት ሌሎች በጎ ፈቃደኞች ደግሞ ሎምባርድ የሚባለውን፣ እ.ኤ.አ. በ1901 የፈጠራ መብቱ የተመዘገበውን ባለ ሰንሰለት የእንፋሎት ግንድ መጎተቻ ፈታተው፣ ጠግነው፣ እንደገና እያጨሰ እንዲሄድ አድርገውታል። ግዛቱ አንድ፣ ብረቱ ተመሳሳይ፣ ውሳኔው ግን ተቃራኒ ነው።

የተጣለ አሮጌ ማሽን ይነሣ፣ ባለበት ይቆይ፣ ወይስ ይቅለጥ የሚለው ጥያቄ በኢትዮጵያም አለ፤ ያለው ግን ተበታትኖ ነው። አንዱ ስለ መቅደላ መድፍ ይከራከራል፣ ሌላው ስለ ድሬዳዋ ባቡር፣ ሦስተኛው ስለ ጣና በለስ ማሽኖች። ይህ ዳሰሳ ክርክሮቹን አንድ ላይ አምጥቶ ከጣና ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ከቁንዝላ በኩል ለማየት ይሞክራል። ዓመተ ምሕረቶቹ እ.ኤ.አ. ካልተባሉ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ከመጋዙ ይልቅ ጀልባው

በጣና ዙሪያ በደን ውስጥ የተጣለ የግንድ መጎተቻ የሚፈልግ ሰው አያገኝም። በሐይቁ ዳርና በደሴቶቹ የቀረው ደን በአብዛኛው የቤተ ክርስቲያን ደን ነው፤ የዘጌውም ለቡና ጥላ ሆኖ የተጠበቀ ነው። ዛፍ ከተቆረጠም የሚቆረጠው በመጥረቢያና በእጅ መጋዝ ነበር። በሞተር የሚሠራ የጣውላ መሰንጠቂያ የገባው ወደ ሌላ አቅጣጫ ነው፤ አዲስ አበባ ስትስፋፋ በዙሪያዋ ወዳሉት ደኖች፣ ቆይቶም ወደ ሙኔሳ፣ ወደ በለጠና ወደ ቦንጋ። ከ1967ቱ አዋጆች በኋላ መሬቱም ደኑም ትላልቅ ድርጅቶችም በመንግሥት እጅ ሲገቡ፣ አሮጌው መሰንጠቂያ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ለጊዜው መልስ ያገኘ መሰለ። ሁሉም የመንግሥት ሆነ። ከመንግሥትም የየትኛው መሥሪያ ቤት የሚለው ግን ዛሬም ያከራክራል፤ እመለስበታለሁ።

በጣና ማሽን የመጣው በውሃ ላይ ነው። በ1858 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ዘጌ ሰፍረው ሳሉ፣ ከእስረኞቻቸው አንዱ የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ሄንሪ ብላንክ እንደጻፈው፣ የእንፋሎት መርከብን አምሳል ለመሥራት ሞክረዋል። የታንኳው አካል ደንገል ሲሆን፣ በጎንና በጎኑ በእጅ የሚዞር መንኮራኩር ተገጥሞለት ነበር። ደንገል ውሃ እየጠጣ በጥቂት ወራት የሚያልቅ ነገር ስለሆነ የዚያ ሙከራ ቅሪት ዛሬ የለም። ቢሆንም የጣና የማሽን ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው ቢባል አያሳፍርም፤ ሐሳቡ ከብረቱ ቀድሞ ደርሷልና።

ብረቱ በብዛት የደረሰው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ጎርጎራ ወደብ ተሠራላት፣ የሞተር ጀልባዎች ሐይቁ ላይ ወረዱ። ጎንደር ላይ የመሸገው የጣሊያን ጦር በኅዳር 1934 እጁን ሲሰጥ ወደቡ ቀረ፤ ከባሕር ዳር ተነሥቶ በዘጌ፣ በደቅ፣ በቁንዝላና በደልጊ በኩል ጎርጎራ የሚደርሰው የጀልባ መስመርም ለአሥርት ዓመታት የዳርቻው ሕዝብ ዋና መንገድ ሆኖ ኖረ። ከጣና እስከ ባሕር ጀልባ የሚያልፍበት የውሃ መንገድ የለም። ስለዚህ በሐይቁ ላይ የታየ እያንዳንዱ የብረት ጀልባ ወይ በየብስ ተጭኖ መጥቷል ወይ እዚያው ዳር ተበይዷል። ከአገልግሎት ሲወጣም የሚሄድበት የለውም፤ ዳር ላይ ይቀራል።

መድፉና የ1850 መስመር

ከሁሉ የታወቀው የተተወ ከባድ ብረታችን ሴባስቶፖል ነው። በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ፣ በአውሮፓውያን ሚስዮናውያን የእጅ ባለሙያዎች መሪነት የቀለጠው ይህ መድፍ በጥቅምት 1860 ጉዞ ጀምሮ መጋቢት ላይ መቅደላ ደረሰ። መንገዱ የተጠረገው እሱ እንዲያልፍ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ሞቱ፤ መድፉ አምባው ላይ ቀረ። በወሬ ክብደቱ 70 ቶን ይባላል፤ 7 ቶን አካባቢ የሚለው ለእውነቱ የቀረበ ነው። ሰባቱም ቶን ቢሆን በዚያ ገደል ላይ ላወጡት ሰዎች በቂ ነበር።

የመድፉ ጉዳይ የሕጉን ታሪክ አስቂኝ በሆነ መንገድ ያሳያል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የጥንታዊ ቅርሶች አዋጅ ቁጥር 229 «ጥንታዊ» የሚለውን ከ1850 ዓ.ም. በፊት በተሠራ ነገር ወሰነው። በዚህ ስሌት ሴባስቶፖል በጥቂት ዓመታት ዘግይቶ ከቅርስ ውጭ ይሆናል፤ ከእሱ በኋላ የመጣ ባቡር፣ አውሮፕላን፣ ጀልባ፣ የመብራት ተርባይን ሁሉ ከነአካቴው አይታሰብም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 መስመሩን አነሣው። በእሱ ትርጉም ቅርስ የሚሆነው የሰው ልጅ የፈጠራና የሥራ ውጤት ሆኖ በሳይንስ፣ በታሪክ፣ በባህል ወይም በጥበብ ዋጋ ያለው ነገር ነው። እዚህ ላይ ዕድሜ ዋና መለኪያ አይደለም። በዓለም አቀፍ ደረጃም የኢንዱስትሪ ቅርስን የሚመለከተው የኒዥኒ ታጊል ቻርተር የጸደቀው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። እንግዲህ በወረቀት ላይ ወደ ኋላ አልቀረንም።

በተግባር ግን ሁለት ሕጎች በአንድ ብረት ላይ ይገናኛሉ። የቅርስ አዋጁ አንድን ነገር ያለ ፈቃድ መጠገንም ሆነ ከቦታው ማንሣት ይከለክላል። የመንግሥት ንብረት አስተዳደር ደንብ ደግሞ አገልግሎት የማይሰጥ ንብረት ተቆጥሮ እንዲወገድ ያዝዛል፤ የማስወገጃው የተለመደ መንገድ ሐራጅ ነው። በግቢው ጥግ የቆመው አሮጌ ጄኔሬተር ለቅርስ ባለሙያው ቅርስ፣ ለንብረት ክፍሉ የኦዲት ጥያቄ ነው። በጎ ፈቃደኛው የሚመጣው በመሀል ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ሐራጁ ካለቀ በኋላ ነው።

አራት ዓይነት መተው

ክርክሩን ከሚያደናግሩት ነገሮች አንዱ «የተጣለ» የሚለው ቃል ብዙ የተለያየ ነገር መያዙ ነው። ተዘርፎ የሄደ አለ። በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበርና በኢትዮጵያውያን ሠራተኞች አዲስ አበባ ላይ ተሠርታ በ1928 የበረረችው «ፀሐይ» አውሮፕላን በዚያው ዓመት ወደ ጣሊያን ተወስዳ፣ ከሮም ወጣ ብሎ ባለ የአየር ኃይል ሙዚየም ከኖረች በኋላ በጥር 2016 ዓ.ም. ተመልሳለች። ስለ እሷ የነበረው ጥያቄ «ይመለስ» ብቻ ስለነበር መልሱም ቀላል ነው። ተሸንፎ የሄደ ጦር የተወው አለ፤ የጎርጎራ ወደብና በየመንገዱ ዳር የቀሩት የደርግ ታንኮች ከዚህ ይመደባሉ። ጊዜ አልፎበት የቆመ አለ፤ የድሬዳዋ ባቡር ዋና ምሳሌው ነው። የመጨረሻው ደግሞ ሳያረጅ የቆመ ነው፤ ገና አዲስ ሳለ መለዋወጫ፣ በጀት ወይም ባለሙያ አጥቶ የተቀመጠ።

ይህ አራተኛው በውይይት ብዙም አይነሣም፤ በእኔ ግምት ግን ከሁሉ የሚበዛው እሱ ነው። በጎ ፈቃደኛ በዓለም ላይ የሚታወቀው ከመቶ ዓመት በፊት የተሠራ ቦይለር ሲያወጣ ነው። እኛ ጋ ሰላሳ ዓመት ያልሞላው ማሽን ሣር በቅሎበታል።

«ብረት ብረት ነው»

ይቅለጥ የሚሉትን እንደ ቅርስ ጠላት መሳል ፍትሕ አይደለም። ክርክራቸው ጠንካራ ነው። አገሪቱ ለብረታ ብረት ፋብሪካዎቿ የሚበቃ ጥሬ ዕቃ የላትም፣ የውጭ ምንዛሪ ታወጣለች። በመርካቶ ምናለሽ ተራ ውዳቂ ብረት ምድጃ፣ ማጭድ፣ የበር ማጠፊያ ይሆናል፤ ብዙ ቤተሰብ በዚህ ይተዳደራል። ቁራሌው ከሰፈር ሰፈር እየዞረ የሚሰበስበው የዚህ ሰንሰለት መጀመሪያ ነው። በ2002 ዓ.ም. የተቋቋመው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) ደግሞ ይህንኑ በትልቁ ሞክሮታል፤ በመንግሥት ተቋማት የተከማቸ ውዳቂ ብረት ሰብስቧል። ማቅለጥ ራሱ ታሪክ አለው፤ ጋፋት ላይ የሆነውም ማቅለጥ ነበር።

የዚህ ወገን ድክመት ሌላ ቦታ ነው። ማሽን ከብረቱ ክብደት በላይ ዋጋ ሊኖረው እንደሚችል የሚያረጋግጥ ደረጃ የለውም። ሁሉም በኪሎ ይመዘናል። የፋብሪካ ስሙ፣ የተሠራበት ዓመትና የሞተር ቁጥሩ የተቀረጸበት የነሐስ ሰሌዳ ከሁሉ ቀድሞ ይነቀላል፤ ነሐስ ከብረት ይወደዳልና። ሰሌዳው ከሄደ ደግሞ የቀረውን ማንነት ማወቅ ብዙ ሥራ ይጠይቃል። ቅርስ ወዳዱም ነጋዴውም ያን ትንሽ ሰሌዳ ፎቶ ማንሣት የሚያስማማቸው ይመስለኛል፤ ዋጋ የለውም፣ ሽያጭም አያስቀርም።

ባለበት ወይስ በሙዚየም?

ማንሣት አለበት በሚለው ከተስማሙት መካከል ያለው ልዩነት ከመጀመሪያው አይተናነስም። ሴባስቶፖልን በአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው አምሳያው ይወክለዋል፤ ዋናው በደቡብ ወሎ አምባ ላይ ነው። ይውረድ የሚሉ ሰዎች ዝናብና ፀሐይ፣ የመንገዱ ርቀት፣ የጎብኚ ማነስ ያነሣሉ። ይቆይ የሚሉት መድፉ ትርጉም የሚኖረው እዚያ የወጣበት አቀበት ሲታይ ነው፣ የአካባቢው ሰውም ከቅርሱ የሚያገኘው ተስፋ ይኸው ነው ይላሉ። እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነኝ። ከጥቅምት እስከ መጋቢት የተጎተተ ነገር አደባባይ ላይ ሲቀመጥ ክብደቱ ይጠፋል፤ ለከተማው አምሳያው ይበቃዋል። የሜይኖቹ ባቡሮችም ከዚህ የራቀ ምክንያት የላቸውም።

ይህ ፍርድ ግን ለሁሉም አይሠራም። ነሐስና ብረት እኩል አይዝጉም፤ ደጋ ላይ ያለና ውሃ ዳር ያለ ብረትም አንድ አይደለም። የጣና ውሃ ጨዋማ ስላልሆነ የሰመጠ ብረት ከባሕሩ ይልቅ ዕድሜ ያገኛል። የሚጎዳው ዳር ላይ ያለው ነው። የሐይቁ ወለል በክረምትና በበጋ መካከል ከአንድ ሜትር በላይ ስለሚለዋወጥ፣ ዳር የቀረ ጀልባ ዓመቱን ሙሉ እየረጠበና እየደረቀ ይበላል። ከውሃ ውስጥ የወጣ ብረትም ወዲያው ካልታከመ ውስጥ ከነበረበት ፍጥነት በላይ ይዝጋል። ስለዚህ «እናውጣው» የሚለው ቅንነት ብቻውን አደገኛ ነው፤ ክሬንና ሎቤድ ከመከራየት በፊት ማጽጃው፣ ቀለሙና ጣሪያው ተዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት። በአሮጌ ቦይለር ዙሪያ የተጠቀለለው ሙቀት መከላከያ አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል። በአሮጌ ታንክ ውስጥ ያልፈነዳ ጥይት ሊኖር ይችላል። ጣና ደግሞ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ክልል ነው፤ ከሞተር የሚፈስ አሮጌ ዘይት ለዓሣው ከዝገቱ ይከፋል።

እጆቹ ሲኖሩ

በማስረጃ በኩል ከሁሉ የሚናገረው የኤርትራ ባቡር ነው። ከምፅዋ አስመራ በ1911 እ.ኤ.አ. የደረሰው ሐዲድ በነጻነት ጦርነቱ ጊዜ ተነቃቅሎ ብረቱ ለምሽግ ዋለ። ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች ተጠርተው፣ ሐዲዱ ከየምሽጉ ተሰብስቦ፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተሠሩት የእንፋሎት ባቡሮች ተጠግነው መስመሩ እ.ኤ.አ. በ2003 እንደገና ተከፈተ። ዓለም የተደነቀው በባቡሮቹ ነው። ሥራውን የሠራው ግን ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰዎች ማስታወሳቸው ነው፤ የትኛው ቫልቭ እንዴት እንደሚዘጋ፣ የትኛው ድልድይ በክረምት እንደሚያስቸግር። ከአሥር ዓመት በኋላ ቢጠሩ ኖሮ ብረቱ ይኖር ነበር፤ ጠጋኙ አይኖርም።

ድሬዳዋ ተመሳሳይ ታሪክ አላት፤ መጨረሻው ገና አልታወቀም። ከጅቡቲ በ1890 የተጀመረው ሐዲድ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ደረሰ፤ 784 ኪሎ ሜትር፣ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር። ከተማዋ ከባቡር ጣቢያው ተወለደች ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሰፊው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ሲመረቅ አሮጌው በአብዛኛው ሥራ ፈትቶ ነበር። የድሬዳዋ ወርክሾፕ ግን ማሽኖቹን እንደያዘ፣ አንዳንዶቹም በአሮጌ ሠራተኞች እጅ እየተጠበቁ ቆይተዋል። በኤርትራና በድሬዳዋ መካከል ያለውን ልዩነት ስናይ ሁለተኛው ብረቱን አላጣም፣ ባለሙያውንም ለረጅም ጊዜ አላጣም፤ ያጣው የሚጓጓዝ ሰውና ዕቃ ነው። በጎ ፈቃድ ይህን ሊተካ አይችልም። ባቡር እንደ ሙዚየም ለመሥራት ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ቲኬት የሚቆርጥ ሰው ያስፈልገዋል።

የብሪታንያ ጦር ከ1933 በኋላ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የጣሊያን ማሽኖችን ፈታትቶ መውሰዱም እዚህ ላይ መታሰብ አለበት። እንግሊዛዊቷ ጸሐፊ ሲልቪያ ፓንክረስት በምፅዋና በአሰብ ወደቦች መፍረስ ላይ ተቃውሞ ጽፋለች። ዛሬ የትኛው ማሽን በዝገት፣ የትኛው በሐራጅ፣ የትኛው በዚያ ዘመን እንደጠፋ መለየት የሚያዳግተው ዝርዝሩ ከማሽኑ ጋር ስለሄደ ጭምር ነው።

ቁንዝላ ዛሬ

ቁንዝላ በሰሜን አቸፈር ወረዳ የምትገኝ ትንሽ የወደብ ከተማ ናት። በአጠገቧ ግን የአገሪቱ ትልቅ ማሽን ተቀብሯል፤ በግንቦት 2002 የተመረቀው፣ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ የሐይቁን ውሃ የሚስበው ከዚህ በኩል ነው። ከእሱ በፊት በዚያው ስም የተጠራ ሌላ ፕሮጀክት ነበር፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ በጣሊያን ገንዘብ በፓዌ የተጀመረው የሰፈራና የእርሻ ልማት። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ቆመ፣ ማሽኖቹም ተበታተኑ። ማን ወሰዳቸው የሚለው እስከ ዛሬ የፖለቲካ ክስ ነው። ክሱ በየመድረኩ ሲነሣ የማሽን ቁጥርና የርክክብ ሰነድ ይዞ ሲነሣ አይሰማም፤ ስለዚህም ጉዳዩ ከአንድ ትውልድ በኋላም አልተዘጋም።

ሐይቁ ላይ ደግሞ አዲስ ንብርብር እየተጨመረ ነው። እምቦጭ የተባለው የውሃ አረም በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ከታየ ጀምሮ ገበሬው በደቦ፣ በጎ ፈቃደኛው በእጁ ሲያርም፣ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ገንዘብ አዋጥተው ማጨጃ ማሽን ልከዋል። ማሽኖቹ በመለዋወጫና በባለሙያ እጦት ብዙ ጊዜ ቆመው ታይተዋል። ከላይ ያልኩት አራተኛው ዓይነት መተው ይኸው ነው፤ በበጎ ፈቃድ የመጣ ማሽን ነገ በበጎ ፈቃድ የሚነሣ ቅሪት እንዳይሆን የሚያሠጋ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 38 ሜትር ርዝመት ያላት «ጣናነሽ 2» መርከብ ለሐይቁ ታስባ ከጅቡቲ በየብስ ጉዞ ጀመረች፤ በምታልፍበት ሁሉ ሕዝብ እየወጣ አያት። ሁለት ቁጥር የተሰጣት አንደኛዋ ስለነበረች ነው። ስለ አንደኛዋና ስለ እኩዮቿ ጀልባዎች ግን የተጻፈው ጥቂት ነው።

ከክርክሮቹ ውስጥ ያልተፈቱ ሁለት ነገሮች ይቀራሉ። የመጀመሪያው በወረራ ጊዜ የገባ ማሽን እንደ ቅርስ ይከበር ወይ የሚለው ነው፤ የጎርጎራ ወደብ በጣሊያን ዕቅድ ቢሠራም፣ የሸከመውና የበየደው እጅ ማን እንደነበር ሳይጠየቅ መልስ ሊያገኝ አይችልም። ሁለተኛው የበጎ ፈቃደኛው ሕጋዊ ቦታ ነው፤ የቅርስ አዋጁ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያዝዛል፣ ካሳወቀ በኋላ ምን ድርሻ እንዳለው ግን በበቂ አያሳይም።

የእኔ ድምዳሜ ከማንሣቱ በፊት መመዝገብ ይቅደም የሚል ነው። በጣና ዳር የትኛው ጀልባ መቼ ወረደ፣ ማን ነዳው፣ ማን ጠገነው፣ የት ቆመ የሚለው በአንድ መዝገብ ይግባ፤ ከዚያ ወዲያ የሚነሣው ይነሣ፣ የሚቀልጠውም ይቅለጥ። ይህን ሥራ ለመጀመር ክሬን አያስፈልግም። በባሕር ዳር፣ በደልጊ፣ በጎርጎራም ሆነ በቁንዝላ የጀልባ ሞተረኛ፣ በያጅ ወይም የወደብ ሠራተኛ የነበረ ዘመድ ያላችሁ አንባቢዎች፣ ፎቶውን፣ የሥራ ደብተሩን፣ የሞተሩን ቁጥር የያዘ ወረቀት ካገኛችሁ ቅጂውን ለባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ወይም ለወረዳችሁ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ስጡ፤ ሽማግሌውንም ድምፁን ቅረጹት።